የአባትህን ቮልስ ዳሽቦርድ አታስቆርጥ

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። አባቴ የተወልኝ የ1966 ሞዴል ቮልስ አለኝ። ሬዲዮኑ የድሮ ብላውፑንክት ነው። መብራቱ ይበራል፣ ድምፅ ግን የለውም። አውጥቼ ብሉቱዝና ፍላሽ ያለው አዲስ ቴፕ ላስገባ ፈልጌ ነበር። አንድ ኤሌክትሪሺያን ቀዳዳው ስለማይበቃ ዳሽቦርዱን ትንሽ ቆርጠን እናሰፋዋለን አለኝ። ላስቆርጠው ወይስ ሌላ ዘዴ አለ? ራሴ ላወጣውስ እችላለሁ?»

ሰላም ወንድሜ። አታስቆርጥ። ሌላውን ባታነብ እንኳ ይቺን ያዝ።

የቮልስ ዳሽቦርድ ፕላስቲክ አይደለም። ላሜራ ነው። ፈትተህ ሌላ የምትገጥምበት ዕቃ ሳይሆን የመኪናው አካል ነው። አሁን ገበያ ላይ ያሉት ቴፖች ፊታቸው ወደ 18 ሳንቲ ሜትር ወርድና 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ያንተ ቀዳዳ የተሠራው ለሌላ ዓይነት ሬዲዮ ነው፤ ግራና ቀኝ ሁለት ማዞሪያ፣ መሃሉ ላይ ጠባብ መስታወት ላለው። ኤሌክትሪሺያኑ «ትንሽ» ያለህ ሁለቱ ማዞሪያዎች የሚያልፉበትን ላሜራ እንዳለ ማንሳት ነው። ያ ላሜራ ከተነሳ በኋላ አንድ ቀን የአባትህን ሬዲዮ ልመልስ ብትል ብየዳ፣ ስቱኮና ቀለም ነው የሚጠብቅህ።

ይህን የምልህ እኔም ቆርጬ ስለማውቅ ነው። ልጅ ሆኜ፣ በካሴት ዘመን፣ የአንድ ሰውዬ ፔዦ 404 ዳሽቦርድ በሴጌቶ ከፍቼ ቴፕ አስገብቼለታለሁ። ሰውዬው ደስታው ሌላ ነበር፣ ከሂሳቡ በላይ ሻይ መጠጫ ሁሉ ሰጥቶኛል። ከብዙ ዓመት በኋላ ልጁ ያችኑ መኪና ይዞ መጣና «ይህን ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?» አለኝ። ምን ልበለው? ዝም አልኩ። ዳሽቦርዱን በግማሽ ዋጋ ሠራሁለት፣ ለምን በግማሽ እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም።

አሁን ወደ ሥራው። ካቻቢቴ ከማንሳትህ በፊት የመኪናህን ቮልት እወቅ። የኋላውን መቀመጫ አንሳ፣ በቀኝ በኩል ባትሪው አለ። ላዩ ላይ ያሉትን የውሃ ክዳኖች ቁጠር። 3 ከሆኑ 6 ቮልት ነው፣ 6 ከሆኑ 12 ቮልት። ክዳን የሌለው ድፍን ባትሪ ከሆነ በቴስተር ለካው። የ1966 ሞዴል ከፋብሪካ ሲወጣ በአብዛኛው 6 ቮልት ነበር፤ ቮልስዋገን ወደ 12 መዞር የጀመረው ከ1967 ሞዴል ወዲህ ነው፣ እሱም ሁሉም ዓይነት በአንድ ጊዜ አልተቀየረም። ስለዚህ በሞዴሉ ዓመት ብቻ አትፍረድ፣ በተለይ በኛ አገር መኪናው ስንት እጅና ስንት ጋራዥ እንዳለፈ አይታወቅም። ዓመቱ ደግሞ በፈረንጅ ነው። ሊብሬው ላይ 1967 የሚል አይቶ «ደርግ በገባ ዓመት የተሠራች ናት» ብሎ የተከራከረኝ ደንበኛ ነበረኝ።

እግረ መንገድህን እዚያው መቀመጫ ስር አንድ ነገር እይልኝ። የባትሪው መሸፈኛ አለ ወይ? የቮልስ መቀመጫ ስፕሪንግ ብረት ነው። ከኋላ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ ስፕሪንጉ ወርዶ የባትሪውን ፖል ይነካና ሾርት ያደርጋል፣ ከዚያ የመቀመጫው ሙሌት ይያያዛል። የታወቀ የቮልስ በሽታ ነው። መሸፈኛው ከሌለ የሬዲዮኑን ነገር ተወውና መጀመሪያ እሱን አሠራ።

ቮልቱን ካወቅህ በኋላ አንድ ጥርጣሬ አለኝ። ሬዲዮኑ መብራቱ እየበራ ድምፅ የለውም ብለሃል። ይህ ማለት የግድ ሞቷል ማለት አይደለም። የዚያ ዘመን ብዙዎቹ የጀርመን ሬዲዮኖች በ6ም በ12ም እንዲሠሩ ተደርገው ነው የተሠሩት፤ ከጀርባ ወይም ከጎን 6 እና 12 የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ተነቃይ ሶኬት ወይም ማዞሪያ አላቸው። መኪናው ወደ 12 ሲቀየር ይቺን ትንሽ ነገር ማንም አያስታውሳትም። በ6 ላይ እንደተቀመጠ 12 ከገባበት ውስጡ የሆነ ነገር ተቃጥሏል። በተቃራኒው መኪናው 6 ሆኖ ሬዲዮኑ 12 ላይ ከተቀመጠ መብራቱ ፈዘዝ ብሎ ይበራል፣ ድምፅ ግን የለም። ሁለተኛው ከሆነ እድለኛ ነህ፣ ሶኬቷን አዙሮ መሰካት ብቻ ነው።

ሌላው ተጠርጣሪ ስፒከሩ ነው። ወረቀት ነው፣ ዕድሜው ከኔ ብዙ አያንስም። ሬዲዮኑን አጥፋ፣ ሁለቱን የስፒከር ሽቦዎች ንቀል፣ የሪሞት ባትሪ ውሰድና ጫፎቻቸውን ለቅጽበት ነካ አድርግ። ቷ የሚል ድምፅ ከሰማህ ስፒከሩ በሕይወት አለ፣ ዝም ካለ ሙት ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፤ ስፒከሩ ተነቅሎ ሳለ ሬዲዮኑን አታብራ። እንዲህ ዓይነት የድሮ ሬዲዮን ያለ ስፒከር ሲበራ የመጨረሻው ትራንዚስተር ሊሄድ ይችላል። ስንቱ ደህና ሬዲዮን «እስቲ ልሞክረው» ተብሎ ጠረጴዛ ላይ ሞቷል መሰለህ።

ስፒከሩ ደህና ከሆነ ሽቦዎቹን መልሰህ ሰካ፣ ሬዲዮኑን አብራና የድምፅ ማዞሪያውን ወዲያና ወዲህ ደጋግመህ አዙር። ሲንኮሻኮሽ ከሰማህ ውስጡ ቆሽሿል ማለት ነው፣ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ይበቃዋል። ከዚያ ውጭ በብዛት የሚበላሹት ኮንደንሰሮቹ ናቸው። ከጊዜ ብዛት ይደርቃሉ። አዲሶቹ ርካሽ ናቸው፣ ስታኞና ትዕግሥት ያለው የሬዲዮን ጠጋኝ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።

ራስህ ማውጣት ትችላለህ ወይ ላልከው፣ አዎ ትችላለህ። ቮልስ ለዚህ የተመቸች መኪና ናት፣ ሬዲዮኑ የሚወጣው ወደ ሰው ሳይሆን በስተኋላው፣ በፊት ኮፈኑ በኩል ስለሆነ እንደሌሎቹ መኪኖች በጀርባህ ተኝተህ መሪ ስር አትገባም። መጀመሪያ የባትሪውን ማሳ፣ ማለት ከመኪናው ቦዲ ጋር የታሰረውን ሽቦ፣ ፍታ። ቮልስ ነጌቲቩ ነው ከቦዲ ጋር የታሰረው። እግረ መንገዴን፣ አሮጌ ላንድሮቨር ያላችሁ ይቺን ዝም ብላችሁ አትቅዱ፤ የድሮዎቹ የእንግሊዝ መኪኖች ፖዘቲቩ ነው ማሳ የሆነው፣ አዲስ ቴፕ እንደወረደ ከገጠማችሁበት ወዲያው ነው የሚሰናበታችሁ።

ከዚያ ኮፈኑን ክፈት፣ ዕቃውን አውጣ። ከፊት ለፊትህ የካርቶን መሸፈኛ ታያለህ። ቀስ ብለህ ንቀለው፣ አሮጌ ካርቶን ነው፣ ይሰበራል። ከኋላው የዳሽቦርዱ ጀርባ በሙሉ አለ፦ ኪሎ ሜትሩ፣ ሽቦው፣ ሬዲዮኑ። ምንም ሳትነካ በስልክህ ፎቶ አንሳ። አንድ አይበቃም፣ አሥር አንሳ። ከእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፈህ የት እንደነበር ጻፍበት። ዱሮ እኛ በጭንቅላታችን ነበር የምንይዘው፣ ውጤቱም ፍሬቻ ስትሰጥ ጥሩምባ የሚጮህ መኪና ነበር።

አሁን በጣም የምለምንህ ነገር። የቮልስ የነዳጅ ሰልባትዮ እዚያው ነው፣ እጅህ ስር። የመሙያው ጎማ አርጅቶ ከሆነ ቤንዚን ይሸታል። ሲጋራ የለም፣ የሚበየድ ነገር እዚያ ቦታ ላይ የለም፣ ባትሪ እንደታሰረ ሽቦ እያነካኩ መሞከር የለም። ስታኞ ካስፈለገህ ሽቦውን አውጥተህ ከመኪናው ርቀህ በይድ። ሽታ ካለ ደግሞ ሥራውን አቁመህ ጎማውን ለውጥ።

የአንቴናውን ሶኬት ቀጥ አድርገህ ሳብ፣ አታጣምመው። የስፒከሩን ሁለት ሽቦና የኃይሉን ሽቦ አላቅቅ። የኃይሉ ሽቦ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የራሷ ፊውዝ ያለባት ትንሽ ቱቦ ታገኛለህ፤ አትጣላት። ሬዲዮኑን ከኋላ የያዘው ቁራጭ ላሜራ ካለ ፍታው። ከዚያ ወደ ውስጥ ግባና ማዞሪያዎቹን ቀጥ አድርገህ ወደ ራስህ ሳብ። እምቢ ካሉ በፒንሳ አትያዛቸው፣ ይፈጫሉ። የጫማ ክር ከጀርባቸው አዙርና በሁለቱ ጫፍ ሳብ፣ ይወጣሉ። አንዳንዶቹ ጎናቸው ላይ የምትፈታ ትንሽዬ ብሎን አለቻቸው፣ ከመሳብህ በፊት በእጅ ባትሪ አብርተህ እይ። ከማዞሪያው ስር ዳዶ አለ። በልኩ ቁልፍ ፍታው። ከዛገ ዘይት ነካ አድርገህ እስከ ማግስቱ ተወው፣ ቀለሙን እንዳይቧጥጥ ዙሪያውን ጨርቅ አድርግበት። ሁለቱም ሲፈቱ ሬዲዮኑ ወደ ኋላ ይለቃል፣ ስለዚህ ዳዶውን ስትፈታ ከኋላ የሚይዝልህ ሰው ይኑር። ሰልባትዮ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ ደስ አይልም። ዳዶውን፣ ሮንደላውን፣ ማዞሪያውን ሁሉ አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ክተት፤ እነዚህን ሶማሌ ተራም ምናለሽ ተራም ዞረህ ላታገኛቸው ትችላለህ።

ሬዲዮኑ እጅህ ላይ ሲገባ መስታወቱን እይ። «ዩ» የሚለው የላቲን ፊደል ካለበት ኤፍኤም አለው ማለት ነው። «ኤም»፣ «ኤል» እና «ኬ» መካከለኛ፣ ረጅምና አጭር ሞገድ ናቸው። «ዩ» ካለው ቁጥሩ የት እንደሚያበቃ ተመልከት። በዚያ ዘመን የጀርመን ሬዲዮኖች ኤፍኤም 100 ላይ ያበቃ ነበር፣ ቆየት ብሎ 104 ሆነ። 100 ላይ የሚያበቃ ከሆነ ኤፍኤም አዲስ 97.1ን ትይዛለህ፣ ፋና 98.1ን ትይዛለህ፣ ሸገር 102.1ን ግን አትይዝም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ነው ሐሳቡን የሚቀይረው። ከጃፓን የገባ ቪትዝ ያላችሁ ችግሩን ታውቁታላችሁ፤ የናንተው ደግሞ 90 ላይ ያበቃና ከዚያ በላይ ያሉትን ጣቢያዎች ዝቅ አድርጎ የሚያሰማ ኤክስፓንደር ያስገዛችኋል።

እንግዲህ ምርጫዎችህ። እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገርህ። የድሮውን ሬዲዮን አስጠግኜ ወይም ሞቶም ቢሆን አጽድቼ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። ብሉቱዝ ያለው ትንሽ አምፕሊፋየር ገዝቼ የፊት ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ከካርቶኑ ጀርባ፣ ከሰልባትዮውና ከውሃ በራቀ ቦታ እደብቀዋለሁ። ስፒከሮቹን ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ባለችው የዕቃ ጉድጓድ ውስጥ በእንጨት ሣጥን አድርጌ አስቀምጣለሁ። በር አልቆርጥም፣ ዳሽቦርድ አልቆርጥም። ስልክህ ላይ ትጫወታለህ፣ መኪናው ውስጥ የገባ ሰው የሚያየው የአባትህን ብላውፑንክት ነው። ሬዲዮም ቢያምርህ የኢንተርኔት ጥቅል ካለህ ስልክህ ላይ ሸገርም አለ።

የድሮው ሬዲዮን ራሱ እንዲዘፍን ከፈለግህ ጎበዝ ጠጋኝ የብሉቱዝ ካርዷን ሣጥኑ ውስጥ አስገብቶ ከድምፅ ማዞሪያው ላይ ሊቀጥላት ይችላል። እዚህ ላይ የካርዷ ማሳና የሬዲዮኑ ሣጥን ሁልጊዜ አንድ ላይሆኑ ስለሚችሉ ሳይለካ እንዳያገናኝ ንገረው። ሦስተኛው መንገድ መልኩ የድሮ፣ ውስጡ የአሁን የሆነ፣ ሁለቱ ማዞሪያዎቹ እንደ ቀዳዳው ርቀት የሚስተካከሉ ሬዲዮን ነው። ሬትሮሳውንድ የሚባለው አንዱ ነው። አሜሪካ ዘመድ ካለህ ሲመጣ ያመጣልህ፣ ግን የቀዳዳህን ልክ አስቀድመህ ላክ። ገንዘቡ ካጠረህ ደግሞ ተራውን ቴፕ በመያዣ ላሜራ ከዳሽቦርዱ ስር አንጠልጥለው። አያምርም። ግን ሁለት ብሎን ፈትተህ ታወርደዋለህ፣ ዳሽቦርዱም እንደነበረ ይቆያል።

መኪናህ 6 ቮልት ከሆነ አዲስ የምትገዛው ሁሉ ማለት ይቻላል 12 ይፈልጋል። 6ን ወደ 12 የሚያሳድግ ኮንቨርተር አለ፣ ለአንድ ተራ ቴፕ ይበቃል። ለሙዚቃ ብለህ ግን መኪናውን በሙሉ ወደ 12 አትቀይር፤ ከአምፑል እስከ ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ድረስ መዘዙ ብዙ ነው።

የሽቦው ነገር። አዲስ ቴፕ ላይ ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል ያለው ነው፣ ቀዩ በቁልፍ የሚበራው፣ ጥቁሩ ማሳ። የቮልስ ኤሌክትሪክ ላይ 30 የሚል ቁጥር ያለበት ከባትሪ ቀጥታ የሚመጣ ነው፣ 15 ቁልፉ ተከፍቶ ኳድሮ ሲበራ ብቻ ኃይል የሚያገኝ፣ 31 ማሳ። ብዙው ሰው ቢጫውን 30 ላይ፣ ቀዩን 15 ላይ ያስራል። እኔ ቀዩን 15 ላይ ማሰር አልወድም። ፑንቲና (ለካንዴላው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ኮንታክት) ባለው መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ከተከፈተ ፑንቲናው ገጥሞ ሊቆም ይችላል፤ ያኔ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ቦቢና ላይ ሳያቋርጥ ኃይል ይፈስና ይግላል፣ ሰው እየጠበቅህ ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ሰምተህ ቦቢና ትገዛለህ። ሁለቱንም አንድ ላይ 30 ላይ እሰራቸውና መሃል ላይ ፊውዝና የተደበቀች ማብሪያ ማጥፊያ አድርግ። ስትወርድ አጥፋ፣ ካልሆነ መኪናው ሳምንት ከቆመ ባትሪው ይደክማል።

ፊውዙ የሴራሚኩ ዓይነት ከሆነ ነጩ 8 አምፔር ነው፣ ቀዩ 16። ለሬዲዮ ነጩ ይበቃል። ፊውዝ ሳጥኑን ስትከፍት የሲጋራ ወረቀት ወይም ሽቦ የተጠመጠመበት ፊውዝ ካገኘህ (ታገኛለህ) ሁሉንም ቀይር።

ጥቁሩን ማሳ ቀለም የተቀባ ላሜራ ላይ አትሰረው፣ ፋቅ አድርገህ ብረቱ ላይ እሰረው። የአንቴናው እግርም እንደዚሁ። አንቴናው በቀለም ላይ ከተቀመጠ ሬዲዮው ሁሉንም ጣቢያ እያፏጨ ነው የሚያሰማህ፣ አንተ ደግሞ ቴፑን ትረግማለህ።

ስፒከር ላይ ብዙ ሰው የሚስትባት ነገር አለች። በድሮ አሠራር አንዳንዴ የስፒከሩ አንዱ ሽቦ ከቦዲ ጋር የታሰረ ነው። አዲስ ቴፕ ላይ ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ኃይል አለባቸው፣ አንዳቸውም ማሳ መንካት የለባቸውም። ከነኩ ውስጡ ያለው አይሲ ይቃጠላል። አንድ የደንበኛ ቴፕ እንዲህ አቃጥዬ ከኪሴ ከፍያለሁ፣ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ስለዚህ ከቴፑ እስከ ስፒከሩ አዲስ ሽቦ ዘርጋ። የፊቱ ስፒከር አንድ ብቻ ስለሆነ ደግሞ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ጠምዝዘህ አትስጠው። ባለ ሁለት ኮይል ስፒከር ካገኘህ ጥሩ፣ ካላገኘህ አንዱን ብቻ ተጠቀም።

ቴፑ ሣጥን ላይ 50 ዋት በ4 የሚለውን አትመን፣ ማስታወቂያ ነው። ያንተ ዲናሞ ግን እውነቱን ነው የሚናገረው፤ የ6 ቮልቱ 180 ዋት፣ የ12ቱ 360 ዋት ገደማ፣ ያም ሞተሩ ሲሮጥ ነው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጥ ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲሠራ) ምንም አይሰጥም ብትል ይቀላል። ማታ፣ ዝናብ፣ መብራት በርቶ፣ መጥረጊያው እየሠራ፣ መንገድ ተዘጋግቶ ከቆምክ የሚዘፍንልህ ባትሪው ነው። ሰብውፈር እንዳታስብ።

ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ሞተሩን አስነሳ። በሬዲዮው ውስጥ ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚፈጥን ቀጭ ቀጭ ከሰማህ ከካንዴላው መስመር ነው። ቁጥሩ ውስጥ «አር» የሚል የላቲን ፊደል ያለበት ካንዴላ አድርግ፣ ካልበቃ የጩኸት ማጥፊያ ኮንደንሰር ቦቢናው ላይ ጨምር። ግን 15 በሚለው በኩል ብቻ። 1 በሚለው በኩል ካሰርከው መኪናው አልነሳም ማለት ይጀምርሃል። ቀጭ ቀጭ ሳይሆን እንደ ትንኝ የሚጮህ፣ ነዳጅ ስትሰጥ የሚቀጥን ድምፅ ከሆነ ዲናሞው ነው። እሱም ኮንደንሰር ይፈልጋል፣ ዋናው የኃይል መውጫ ላይ፣ ዲኤፍ የሚለው ላይ ግን በፍጹም።

የድሮውን ሬዲዮን ከመለስክ ደግሞ አንድ የመጨረሻ ነገር። ከአንቴናው ሶኬት አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ የተደበቀች ብሎን ትኖራለች። መካከለኛ ሞገድ ላይ አድርግ፣ ወደ ከፍተኛው ቁጥር አካባቢ ደከም ብሎ የሚሰማ ጣቢያ ፈልግ፣ በትንሽ ካቻቢቴ ድምፁ እስኪጎላ ድረስ ቀስ እያልክ አዙራት። ሬዲዮንና አንቴናን የምታስተዋውቀው እሷ ናት። አንቴና በተቀየረ ቁጥር ማስተካከል ያስፈልጋል፣ ግን የሚነካት የለም።

ለጊዜው አዲስ ቴፕ አትግዛ። ቮልቱን አረጋግጥ፣ ስፒከሩን በሪሞት ባትሪ ሞክር፣ የሬዲዮኑን ጀርባና ጎን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። 6 እና 12 የምትለዋ የት እንዳለች አሳይሃለሁ።